የቻርጀሬ ኦሪጅናል ስፒዶሜትር፦ ከወራት አገልግሎት በኋላ

መኪናዬ የ1969 ዶጅ ቻርጀር ናት። በሰዓት እስከ 150 ማይል የተጻፈበት ትልቅ ክብ ስፒዶሜትር (የፍጥነት መለኪያ) አላት። ስገዛት ቀስቱ አይነሳም፤ የፊቱ ጽሑፍም ተላልጦ ነበር። ሌላ ኦሪጅናል ፈልጌ አስጠገንኩ፤ ካለፈው ጸደይ ጀምሮ በእሱ እየነዳሁ ነው። እውነቱን ለመናገር ይህች መኪና ካገኘቻቸው ጥገናዎች ሁሉ በጣም ያስደሰተኝ ይሄ ነው።

ከባዱ ፍለጋው ነው። ካርላይል፣ ፔንስልቬንያ ውስጥ የክራይስለር መኪኖች ትርዒት ሲኖር አሮጌ ዕቃ የሚሸጥበት ሜዳ አለ። ያገኘሁት እዚያ ነው። እንዲህ ያለ ዕቃ ስትገዙ መጀመሪያ ፊቱን እዩ። የውስጡ ነገር ብዙው ይጠገናል፤ የለቀቀ ጽሑፍ ግን እንደ አዲስ መታተም አለበት። ከዚያ ከጀርባው ካቦ የሚገባበትን ቀዳዳ በትንሽ ካቻቪቴ ሽክርክር አድርጉት። ቀስቱ ተነስቶ ሳይንቀጠቀጥ ወደ ዜሮ ከተመለሰ ነፍስ አለው ማለት ነው።

አሠራሩ ያስደንቃል። ከካምቢዮ የሚመጣው ካቦ፣ ስፒዶሜትሩ ውስጥ ያለውን ማግኔት ያሽከረክራል። ማግኔቱ ቀስቱ የተያያዘበትን የአሉሚኒየም ቆብ አይነካውም። ሲዞር ግን ቆቡ ላይ ኤሌክትሪክ ይፈጠርና አብሮት ሊዞር ይፈልጋል፤ ቀጭን ሞላ ደግሞ ወደ ኋላ ትይዘዋለች። ቀስቱ የሚቆመው ሁለቱ ሲመጣጠኑ ነው። ጀርመናዊው ኦቶ ሹልትሰ በ1902 ፓተንት ያወጣበት ዘዴ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ቮልስ የነዳ ሰውም ሲያየው የኖረው ይሄንኑ ነው፤ የቮልስ ካቦ የሚነሳው ግን ከግራ የፊት ጎማ ነው።

የእኔው ችግር የደረቀ ግራሶ ነበር። ባለሙያው አጥቦ ቀጭን ዘይት ሰጠው፤ ልኩንም አስተካከለ። የአሜሪካኖቹ መለኪያ ግልጽ ነው፦ ካቦው በደቂቃ 1000 ጊዜ ሲዞር ቀስቱ 60 ማይል ላይ መቆም አለበት።

ያም ሆኖ መንገድ ላይ ስወጣ ከስልኬ ጂፒኤስ ያነሰ ያሳይ ነበር። ጥፋቱ የስፒዶሜትሩ አይደለም። የበፊቱ ባለቤት ከፍ ያለ ጎማ አስገብቶባታል፤ ጎማው ሲያድግ ካቦው በማይል የሚዞረው ያንሳል። መፍትሔው ካምቢዮው ላይ ያለችውን ትንሽ የፕላስቲክ ማርሽ ጥርሷ በሚያንስ መቀየር ነው። ከተቀየረች ወዲህ ከስልኩ ጋር እኩል ነው።

የማልወድለትም አለ። ብርድ ሲሆን ጠዋት ጠዋት ቀስቱ ትንሽ ይንቀጠቀጣል፣ ካቦውም ያፏጫል። ካቦውን ስታለሰልሱ የላይኛውን ጫፍ ደረቅ ተዉት። ግራሶው ወደ ላይ ወጥቶ ቆቡ ጋር ከደረሰ ጥገናው ሁሉ ገደል ገባ።

ስፒዶሜትሩ ውስጥ ስላለው ማይል ቆጣሪ ደግሞ ሕጉን እወቁ። ከ1972 ጀምሮ ባለው የአሜሪካ ሕግ፣ የተቀየረ ቆጣሪ የቀድሞውን ማይል ማሳየት ካልቻለ ከዜሮ ይጀምራል። የድሮው ማይልና ጥገናው የተደረገበት ቀንም በግራ በኩል ባለው የበር ፍሬም ላይ ይለጠፋል። የእኔም ተለጥፏል። መኪናዋን ለመግዛት የሚጠይቀኝ ሰው ሁሉ መጀመሪያ እሱን እንዲያነብ አደርጋለሁ።