ለመጀመሪያው የመርከብ ጉዟችን የኪስ ወጪያችንን ላሰሉልን የጉዞ ወኪል የቀረበ ምስጋና

በሜሪላንድ፣ በቨርጂንያና በዲሲ ለምትኖሩ ወገኖቼ፦ ባለፈው ሰኔ መላው ቤተሰብ ከባልቲሞር ወደብ ተነስተን ወደ ቤርሙዳ ያደረግነውን የአምስት ሌሊት የመርከብ ጉዞ ያዘጋጁልንን የጉዞ ወኪል በአደባባይ ላመሰግን እወዳለሁ። እኚህ እህት ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ በአንዲት ጠባብ ቢሮ የሚሠሩ፣ አብዛኞቻችን ለአዲስ አበባ የአውሮፕላን ትኬት ስንፈልግ የምንደውልላቸው ዓይነት ባለሙያ ናቸው። ትኬት መቁረጥማ ማንም ይቆርጣል፤ ይህን እንድጽፍ ያነሳሳኝ ትኬቱን ከቆረጡልን በኋላ መርከቡ ላይ የምናወጣውን ገንዘብ ከእኛ ጋር ቁጭ ብለው አንድ በአንድ ማስላታቸው ነው።

ክሩዝ ሄዶ ለማያውቅ ሰው ትልቁ ግርታ የዋጋው ነገር ነው። ለክፍሉ የሚከፈለው ገንዘብ መኝታውን፣ በዋናው የመመገቢያ አዳራሽና በቡፌው የሚቀርበውን ምግብ፣ የምሽቱን ትርኢት፣ መዋኛውንና የልጆቹን መዋያ ይሸፍናል፤ ለስላሳው፣ ቢራውና ወይኑ፣ ኢንተርኔቱ፣ ፎቶው፣ ልዩ ምግብ ቤቶቹ፣ ስፓው፣ በየወደቡ የሚደረገው ሽርሽርና የሠራተኞች ቲፕ ግን ከዚያ ውጪ ናቸው። በዚያ ላይ መርከቡ ላይ በጥሬ ገንዘብ የሚገበያይ የለም፤ የክፍሉን በር የሚከፍተው ካርድ ራሱ መክፈያ ስለሆነ የበሉት የጠጡት ሁሉ እዚያ ላይ እየተመዘገበ ይቆይና በመጨረሻው ሌሊት ይጠቃለላል። ካርድ እያሳዩ ሲያልፉ የወጣው ገንዘብ የወጣ አይመስልም። ከእኛ በፊት የሄዱ ወዳጆቻችን የመጨረሻው ቀን ሂሳብ ከትኬቱ ዋጋ ጋር ሊስተካከል ምንም አልቀረውም ብለው አስፈራርተውን ስለነበር፣ ወደ ወኪላችን ቢሮ የገባነው ግማሽ ልባችን ጉዞውን ትቶት ነበር ማለት ይቻላል።

እርሳቸው ግን ስለ መርከቡ ውበት ምንም ሳያወሩ አንድ ቢጫ ደብተር አውጥተው ገጹን በሦስት ከፈሉት፤ በአንደኛው አምድ ራስ ላይ «የማይቀር»፣ በሁለተኛው «የምንፈልገው»፣ በሦስተኛው «የሚያጓጓ» ብለው ጻፉ። ከዚያ ጥያቄው ተጀመረ። ከመካከላችሁ የሚጠጣ ማን ነው? ልጆቹ ያለ ለስላሳ ይውላሉ ወይ? የሚጾም አለ? ካዚኖ የሚያባብለው ሰው ካለ ደግሞ አሁኑኑ ይናገር አሉና ባለቤቴን በፈገግታ አዩት። ወደ እናቴም ዞር ብለው፣ «እማማ፣ አዲስ አበባ በቀን ስንት ጊዜ ይደውላሉ?» ሲሉ ሁላችንም ሳቅን፤ ጥያቄው ግን የቀልድ አልነበረም፤ ከሁሉም ጥያቄዎች የእናቴ መልስ የራሱ ዋጋ ያለው ሆኖ ተገኝቷል።

ስለ ክፍል ምርጫው በአጭሩ ልጥቀስ። እኛ አምስት ስለሆንን ባልኮኒ ያላቸው ሁለት ክፍሎች ለመያዝ አስበን ነበር። የጉዞ ወኪሎች የሚከፈላቸው ከመርከብ ኩባንያው በሚያገኙት ኮሚሽን ስለሆነ፣ ውድ ክፍል በገዛን ቁጥር የእርሳቸውም ድርሻ ከፍ ይል ነበር። እርሳቸው ግን ቀኑን ሙሉ ደጅ ለሚውል ቤተሰብ መስኮት የሌላቸው ሁለት ጎን ለጎን ክፍሎች ይበቃሉ፣ ልዩነቱን ለኪስ ወጪ አድርጉት ብለው መከሩን። የመጨረሻው ክፍያ ከመነሻው ቀን ከ75 እስከ 90 ቀን አስቀድሞ ተጠናቅቆ መከፈል ስላለበትም፣ ዕቁባችን የሚደርስበትን ወር ጠይቀው ክፍያውን ከዚያ ጋር አገጣጠሙት። ይህን የሚያስብ የኢንተርኔት ገጽ የለም።

«የማይቀር» ከተባለው አምድ ቀዳሚው ቲፕ ነበር። በእኛ መርከብ በአንድ ሰው በቀን 18 ዶላር ከ50 ሳንቲም ይቆረጣል፤ ለልጆችም ቢሆን ቅናሽ የለውም። አምስት ሰው ለአምስት ሌሊት ሲባዛ 462 ዶላር ከ50 ሳንቲም ይመጣል። ይህ ገንዘብ ክፍላችንን ለሚያጸዳው፣ ማዕድ ለሚያቀርቡልንና ከጀርባ ለሚሠሩት የሚከፋፈል ነው። ወኪላችን ከጉዞው በፊት አስቀድመን እንድንከፍለው አደረጉ፤ ምክንያታቸውም አስቀድሞ የተከፈለ ገንዘብ መርከቡ ላይ ከሚያጓጓው ነገር ጋር አይጋፋም የሚል ነበር። በተጨማሪ ክፍላችንን ለሚያሰናዳው ሠራተኛ በእጃችን የምንሰጠው 40 ዶላር በትናንሽ ኖት እንድንይዝ ነገሩን። ይህ ግዴታ አይደለም፤ እናቴ ግን ሠራተኛው ፎጣውን በዝሆን ቅርጽ አጥፎ አልጋዋ ላይ ካስቀመጠላት ጊዜ ጀምሮ 40 ዶላሩ ያንሳል ስትል ነበር።

ረጅም ጊዜ የወሰደው የመጠጥ ፓኬጁ ጉዳይ ነው። ማስታወቂያው በየቀኑ በኢሜይል ይመጣል፤ «ያልተገደበ» የሚለው ቃልም ልብ ይሰርቃል። እርሳቸው ሂሳቡን እፊታችን ሠሩት። ፓኬጁ በቀን 70 ዶላር ቢሆንና 18 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ ቢጨመርበት 82 ዶላር ከ60 ሳንቲም ይሆናል። አንድ ብርጭቆ ኮክቴል በ14 ዶላር ተሸጦ ያው 18 በመቶ ሲጨመርበት 16 ዶላር ከ52 ሳንቲም ነው። ስለዚህ ሰውየው በየቀኑ አምስት ብርጭቆ ሲጠጣ ነው ገና እኩል የሚሆነው፤ ትርፉ የሚጀምረው ከስድስተኛው ነው። ወደብ ላይ የምንውልባቸው ቀናትም ከሂሳቡ አይቀነሱም። ከሁሉ በላይ ደግሞ በአንድ ክፍል ካሉ አዋቂዎች አንዱ ከገዛ ሌላውም እንዲገዛ የሚያስገድድ ደንብ አለ፤ እኔ አልኮል የማልቀምሰው ሴት ለባለቤቴ ምሳና እራት ቢራ ስል ከ400 ዶላር በላይ ልከፍል ነው ማለት ነው። ፓኬጁ «የሚያጓጓ» ወደሚለው አምድ ተዛወረና በላዩ ላይ መስመር ተሰመረበት። በምትኩ ለሁላችንም መጠጥ 75 ዶላር መደብን፤ ቡፌው ላይ ውሃ፣ ሻይ፣ ቡና፣ የሎሚ ጭማቂና የበረዶ ሻይ በነጻ ስለሚገኝ ልጆቹ በሎሚ ጭማቂው ጸንተው ከረሙ። የቡናው ነገር ግን የሐበሻ ቡና ለለመደ ሰው ተስፋ የሚጣልበት እንዳልሆነ ከወዲሁ ልናገር።

ወደ እናቴ ስልክ ልመለስ። የመርከብ ኢንተርኔት የሚሸጠው በየስልኩ ነው፤ አምስታችንም ብንገዛ ወጪው የትየለሌ ነበር። ወኪላችን ለአንድ ስልክ ብቻ የሚሆነውን፣ ከመሳፈራችን በፊት ሲገዛ ዋጋው ስለሚቀንስ አስቀድመን በ100 ዶላር ግድም እንድንገዛና አንዱ ሲወጣ ሌላው እየገባ እንድንጠቀምበት አሳዩን። ከወደቡ እንደተነሳንም ሁሉም ስልክ ኤርፕሌን ሞድ ላይ እንዲደረግ አጥብቀው አስጠነቀቁን፤ ባሕር ላይ ስልኩ በራሱ የመርከቡን ኔትወርክ ከያዘ የቤታችን ፕላን አይሸፍነውምና የሚመጣው ሂሳብ አስደንጋጭ ነው። ለእናቴ ሰዓት ተወሰነላት። ማታ ማታ ስልኩ የእርሷ ሆነ፤ አዲስ አበባ ያሉት እህቶቿም በእኛ ምሽት፣ ማለትም በእነርሱ ንጋት፣ ተነስተው ይጠብቋት ነበር።

ሁሉም ተጓዥ ሊያውቀው ይገባል የምለው ስለ ዴቢት ካርድ የነገሩን ነው። በመርከቡ ሂሳብ ላይ ዴቢት ካርድ የሚያስመዘግብ ሰው፣ ኩባንያው ለመተማመኛ ሲል በየጊዜው ከባንክ ሂሳቡ የተወሰነ ገንዘብ ይይዝበታል፤ የተያዘው ገንዘብ ከጉዞው በኋላም ለቀናት ላይለቀቅ ይችላል። በዚያ መካከል የቤት ኪራይ ወይም የመኪና ክፍያ በራሱ የሚቆረጥበት ቀን ከደረሰ፣ በባንክ ያለ የመሰለው ገንዘብ የለም። ስለዚህ ወይ ክሬዲት ካርድ፣ ወይ ደግሞ ጥሬ ገንዘብ አስቀድሞ ማስያዝ ይሻላል አሉን። እኛ ሁለተኛውን መረጥን፤ እንደገባን በእንግዳ መቀበያው መስኮት ጥሬ ገንዘብ አስያዝን። ገደቡ በግልጽ የተቀመጠ ስለሆነ ልጆቹም «አሁን ስንት ቀረን?» እያሉ በስክሪኑ ላይ ይከታተሉት ጀመር፤ ታላቁ ልጄ በዚህ ሥራ ከአባቱ የበለጠ ጠንቃቃ ሆኖ ተገኘ። ያልተነካው ገንዘብ በመጨረሻው ምሽት ተመልሶልናል።

ቤርሙዳ ውድ አገር ናት፤ የምትጠቀምበት ዕቃ ሁሉ ማለት ይቻላል በመርከብ ከውጭ የሚገባ ነውና። የቤርሙዳ ዶላር ከአሜሪካ ዶላር ጋር እኩል ስለሆነ ምንዛሪ አያስፈልግም፤ ሆኖም መልስ በአገሩ ገንዘብ ሊሰጣችሁ ስለሚችል፣ ያ ደግሞ እዚህ ስትመለሱ ብዙም ስለማይጠቅም፣ ትናንሽ ኖቶች ይዛችሁ ውረዱ። መርከቡ የሚቆመው ሮያል ኔቫል ዶክያርድ በሚባለው ወደብ ሲሆን ሌሊቱን እዚያው ያድራል። ወኪላችን የመርከቡን የተዘጋጀ ሽርሽር አልሸጡልንም፤ የሕዝብ ጀልባና አውቶቡስ የሚያሳፍረውን የቀን ማለፊያ እዚያው ወደቡ ላይ ገዝታችሁ ጠዋት ሆርስሹ ቤይ ወደሚባለው የባሕር ዳርቻ፣ ከሰዓት ወደ ዋና ከተማዋ ሃሚልተን ሂዱ አሉን። ከሁሉ የጠቀመን ምክር ግን ምሳን የሚመለከተው ነው። መርከቡ ወደቡ ላይ ቆሞ እያለ የተከፈለበት ምግብ እየተበላ ነውና፣ በከተማው ምግብ ቤት ለአምስት ሰው ከመክፈል ይልቅ ተመልሰን በልተን እንደገና እንድንወጣ ነገሩን። ለሁለቱ ቀን የመደብነው 200 ዶላር በቂ ሆኖ ተገኘ። በራስ መንገድ የሚሄድ ሰው ግን ሰዓቱን መጠበቅ አለበት፤ መርከቡ የሚታገሰው በራሱ ሽርሽር ለዘገዩት እንጂ ለሌላው አይደለም።

በደብተሩ ላይ ለፎቶ 25 ዶላር ተጽፎ ሳይ መጀመሪያ ገርሞኝ ነበር። የክብር ልብስ በሚለበስበት ምሽት እናቴ ጥለቱ ወርቃማ የሆነውን የሐበሻ ቀሚሷን ለብሳ፣ ነጠላዋን አጣፍታ ደረጃውን ስትወርድ የመርከቡ ፎቶ አንሺዎች ከበቧት። በማግስቱ የአዳራሹ ግድግዳ ላይ የእርሷ ምስል ብቻ በብዙ ዓይነት ተሰቅሎ አገኘነው፤ እያንዳንዱም ለብቻው ይሸጣል። የተመደበው ለአንድ ስለሆነ አንድ ብቻ መረጥን፤ ክርክሩ ግን ከቁርስ እስከ ምሳ ቆይቷል።

ስለ ኢንሹራንስ ትንሽ ተከራክረናል። እኔ ትርፍ ወጪ መስሎኝ ነበር። እርሳቸው ግን የእናቴ ሜዲኬር፣ ማለትም መንግሥት ለአረጋውያን የሚሰጠው የጤና መድን፣ ከጥቂት ሁኔታዎች በስተቀር ከአሜሪካ ውጪ እንደማይሸፍን፣ የመርከቡ ሐኪም ቤትም የሚያስከፍለው በዚያው በክፍሉ ሂሳብ ላይ እንደሆነ ሲያስረዱኝ ለእናቴ የጉዞ ኢንሹራንስ ገዛን። የተጠቀምንበት ነገር ባይኖርም አልቆጨኝም።

ጉዞው በሰኔ ጾም ላይ ስለዋለም፣ የጾም ምግብ እንዲዘጋጅልን ከመነሻው በፊት በማመልከት ለእኔና ለእናቴ ከወተትና ከሥጋ ነጻ የሆነ ማዕድ ያለ ተጨማሪ ክፍያ እንዲቀርብልን አድርገዋል። ይህን ባያደርጉ ኖሮ በየምሽቱ ሰላጣ እየበላን፣ ረሃባችንን ለማስታገስ ክፍያ ያለበት ምግብ ፍለጋ መውጣታችን አይቀርም ነበር።

አስቀድመን ከከፈልነው ቲፕና ከኢንሹራንሱ ውጪ የመደብነው ጠቅላላ ወጪ፣ በእጃችን የምንሰጠውን 40 ዶላርና ለማይታወቅ ነገር የተተወውን 160 ዶላር ጨምሮ፣ 600 ዶላር ነበር። ከመጠባበቂያው የነካነው ታናሽ ልጄ መነጽሩን ባሕር ውስጥ በጣለበት ቀን ጥቂት ብቻ ነው።

እውነቱን ለመናገር ወኪላችን ስልክ ቶሎ አያነሱም፤ በተለይ ለገናና ለአዲስ ዓመት ወደ አገር ቤት የሚሄደው ሰው በሚበዛበት ወቅት መልስ ለማግኘት ቀናት ሊወስድ ይችላል። መልእክት ጽፎ መጠበቅ ይሻላል። የባልቲሞር ወደብ የመኪና ማቆሚያንም ሂሳብ ደብተሩ ላይ አላገባነውም ነበር፤ እንደ እኛ በራሳችሁ መኪና የምትሄዱ ከሆነ እርሱን ጨምሩበት።

እግዚአብሔር ይስጥልን፣ እህታችን፤ እናቴም በየአጋጣሚው ትመርቅዎታለች። ስማቸውንና ስልካቸውን ፈቅደውልኛልና በግል ለጻፈልኝ ሁሉ እልካለሁ። ለሚቀጥለው ክረምት የምታስቡ ከሆነ ከአሁኑ ደውሉ፤ ስትሄዱም የልጆቹን ዕድሜ፣ የፓስፖርቶቹንና የግሪን ካርዱን ማብቂያ ቀን፣ ዕቁብ ካላችሁም የሚደርሳችሁን ወር ጽፋችሁ ያዙ፤ መጀመሪያ የሚጠይቋችሁ እነዚህን ነው።