ፎልደር ስከፍት መስኮቱ የት ይምጣ? ዶልፊንን ለወራት ተጠቅሜ ያየሁት

ፋይል ኮፒ ማድረግ፣ ስም መቀየር፣ መሰረዝ ሁሉም ፋይል ማኔጀሮች ይችላሉ። እኔ አንዱን ከሌላው የምለየው ፎልደር ስከፍት በሚያደርጉት ነገር ነው። አዲስ መስኮት ያመጣል ወይስ ባለው ላይ ታብ ይጨምራል? መጠኑስ ትናንት እንደተውኩት ነው? በየትኛው ሞኒተር ላይ ይወጣል? ሥራዬ ብዙ ፎቶና ሰነድ ከፎልደር ወደ ፎልደር መደርደር ስለሆነ እነዚህ ጥያቄዎች ለእኔ ቀላል አይደሉም። ዶልፊን የተባለውን የሊኑክስ ፋይል ማኔጀር ከኬዲኢ ፕላዝማ 6 ዴስክቶፕ ጋር በዋናው ኮምፒውተሬ ላይ ወራት ሠርቼበታለሁ፤ ከሞከርኳቸው ሁሉ ይህን ጉዳይ ከልብ ያሰበበት እሱ ነው። እንደተጫነ ግን አይደለም፤ ትንሽ መልፋት አለው።

ጥያቄው የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 የወጣው ማኪንቶሽ እያንዳንዱን ፎልደር በራሱ መስኮት ይከፍት ነበር፤ መስኮቱም ቦታውንና መጠኑን ያስታውሳል። ዊንዶውስ 95ም ሲጀምር ለየፎልደሩ የየራሱን መስኮት ያወጣ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2004 ሌላው የሊኑክስ ዴስክቶፕ ኖም 2.6 ፋይል ማኔጀሩን ናውቲለስን በዚሁ መንገድ አስኬደው፤ ብዙ ተጠቃሚ አጉረመረመ፣ በ2010 በወጣው ኖም 2.30 ነባሪው አሠራር ወደ አንድ መስኮት ተመለሰ። ሐሳቡን ዛሬም እወደዋለሁ፤ ፎልደሩ ሁልጊዜ ከተውከው ቦታ ሲገኝ ዓይን ሳይፈልግ ያገኘዋል። ችግሩ ፎልደር ውስጥ ፎልደር፣ በዚያም ውስጥ ሌላ ሲደራረብ አንድ ፋይል ለማግኘት ስክሪኑ በመስኮት መሞላቱ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2008 በኬዲኢ 4 የቀድሞውን ፋይል ማኔጀር የኮንከረርን ቦታ የወሰደው ዶልፊን መሐከለኛውን መንገድ ለተጠቃሚው ትቶለታል። ቅንብሩ ውስጥ አንድ የዶልፊን መስኮት ብቻ ጠብቆ አዳዲስ ፎልደሮችን በታብ የሚከፍት ምርጫ አለ። እኔ ይህን አብርቼዋለሁ፤ ከሌላ ፕሮግራም ፎልደር ስጠራ ባለው መስኮት ላይ ታብ ይጨምራል። በራሱ ውስጥ ሲሆን የማውሱን መሐል ቁልፍ ፎልደሩ ላይ ስጫን በአዲስ ታብ ይከፍተዋል፤ አንዱን ታብ ነጥሎ ለብቻው መስኮት ማድረግም ይቻላል።

ሲነሳ ምን ያሳይ የሚለው ላይ ግን ከብዙ ሰው ምርጫ እለያለሁ። ባለፈው ጊዜ የነበሩትን ታቦች በሙሉ መልሶ እንዲከፍት ማድረግ ይቻላል፤ ለአንዳንዱ ጥሩ ነው። እኔ የተወሰነ አንድ ፎልደር እንዲከፍት አድርጌዋለሁ። ከተመለሱት ታቦች አንዱ የኔትወርክ ፎልደር ሆኖ ያ ማሽን ከጠፋ መጠበቅ ይመጣል፤ የተነቀለ ፍላሽ ከሆነም የስህተት መልእክት። ጠዋት ሥራ ስጀምር ሁሌም ከአንድ ቦታ መነሳት ለእኔ ይሻላል።

ፎቶ የምደረድርበት መስኮት ደግሞ የተለየ ነው። ኤፍ 3 ሲጫኑ ዶልፊን ለሁለት ይከፈላል፤ ግራው ምንጭ፣ ቀኙ መድረሻ። ይህንን በየቀኑ በእጄ ከማድረግ ይልቅ ሜኑ ላይ ራሱን የቻለ ማስጀመሪያ ሠራሁ። ትእዛዙ ላይ ከዶልፊን ስም ቀጥሎ ሁለት ሰረዝና ስፕሊት የሚለው ቃል፣ ከዚያ የሁለቱ ፎልደሮች አድራሻ ይጻፋል። አዲስ መስኮት የሚያስገድደው ኒው ዊንዶው የሚለው ምርጫም እዚያው ይጨመራል፤ አለበለዚያ የአንድ መስኮቱ ደንብ ያሸንፍና በታብ ይመጣል። ከሁሉ በላይ ጊዜ የቆጠበልኝ ይህች ማስጀመሪያ ናት።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ በዶልፊን እጅ ያለ ነው። መስኮቱ ስክሪኑ ላይ የት እንደሚያርፍ የሚወስነው ግን ክዊን፣ የፕላዝማ የመስኮት አስተዳዳሪ ነው። መስኮቶችን ስክሪን ላይ በሚያሳየው አዲሱ የሊኑክስ ሥርዓት፣ በዌይላንድ ላይ፣ ፕሮግራሞች የራሳቸውን መስኮት ቦታ መምረጥ አይፈቀድላቸውም። ብዙ ሰው የዶልፊንን ቅንብር ከላይ እስከ ታች ፈትሾ "ቦታውን አስታውስ" የሚል ነገር የሚያጣው ለዚህ ነው። መፍትሔው ያለው በክዊን ዊንዶው ሩልስ (የመስኮት ሕጎች) በሚባለው ክፍል ነው። የመስኮቱን ርእስ አሞሌ በቀኝ ክሊክ ከፍቶ በሞር አክሽንስ በኩል ለፕሮግራሙ ልዩ ቅንብር ማዘጋጀት ይቻላል።

እዚህ ለእያንዳንዱ ባሕርይ፣ ለመጠን ይሁን ለቦታ ወይም ለቨርቹዋል ዴስክቶፕ (በአንድ ስክሪን ላይ እየተቀያየሩ ለሚታዩ የሥራ ቦታዎች)፣ ሕጉ እንዴት ይሥራ የሚል ምርጫ አለ፤ ልዩነታቸውም ትልቅ ነው። "ፎርስ" ካልከው ሕጉ ሁልጊዜ ይጸናል፤ መጠኑን በማውስ ልጎትት ብትል አይሰማህም። "ሪሜምበር" መጨረሻ የነበረውን ይዞ በሚቀጥለው ጊዜ ይመልሰዋል፤ አንድ መስኮት ብቻ ለሚከፍት ሰው ግሩም ነው፣ ብዙ ለሚከፍት ግን መጨረሻ የተነካው መስኮት ለሁሉም ይተርፋቸዋል። "አፕላይ ኢኒሺያሊ" ሲከፈት ብቻ ይሠራና ከዚያ በኋላ እጁን ያነሳል። ለፋይል ማኔጀር ትክክለኛው ይህ የመጨረሻው ነው ብዬ አምናለሁ። 2560 በ1440 በሆነው ሞኒተሬ ላይ መጠኑን 1280 በ900 አድርጌ ሰጥቼዋለሁ፤ ከዚያ በኋላ እንደፈለግሁ አሰፋዋለሁ፣ አጠብበዋለሁ።

ቦታን በሕግ አላሰርኩም። ቦታው ከታሰረ ሁለተኛው መስኮት ልክ በመጀመሪያው ላይ ይተኛና የተከፈተ አይመስልም። ይልቁንም በክዊን የመስኮት አቀማመጥ ቅንብር ላይ መስኮቶች በተቻለ መጠን እንዳይደራረቡ የሚያደርገውን መርጫለሁ፤ ባዶ ቦታ ፈልጎ ያስቀምጣቸዋል።

አንድ ነገር ሳይጠቅሱ ማለፍ አይገባም። ሕጉ ለዶልፊን በሙሉ ከተጻፈ የፋይል ባሕርይ የሚያሳየው ትንሽ መስኮትና የማረጋገጫ ጥያቄዎቹ ሁሉ ግዙፍ ሆነው ሊመጡ ይችላሉ። ስለዚህ የመስኮቱን ዓይነት "ኖርማል ዊንዶው" ብቻ ብሎ መወሰን ያስፈልጋል። ከዌይላንድ በፊት ከነበረው ከኤክስ 11 ወደ ዌይላንድ የሚሻገርም ሰው የድሮ ሕጎቹን ይፈትሽ፤ ፕሮግራሙ የሚታወቅበት መለያ በሁለቱ ላይ አንድ ላይሆን ይችላል። የመስኮቱን መለያ በራሱ የሚያነብ ቁልፍ እዚያው ስላለ በግምት መጻፍ አያስፈልግም።

ሌላው ወገን ፎልደር እንዲከፈት የሚጠይቁት ፕሮግራሞች ናቸው። አዲስ ፕሮግራም ተጭኖ ፎልደሮች ድንገት በእሱ መከፈት ከጀመሩ፣ ራሱን የፎልደር መክፈቻ አድርጎ አስመዝግቧል ማለት ነው። በፕላዝማ ቅንብር ፋይል አሶሲዬሽንስ ውስጥ ኢኖድ ከሚለው ሥር ዳይሬክተሪን መርጦ ዶልፊንን ወደ ላይ ማውጣት ይበቃል። ብራውዘር ላይ የወረደውን ፋይል "በፎልደር ውስጥ አሳይ" ስንል ግን መንገዱ ሌላ ሊሆን ይችላል፤ ጥሪው ፕሮግራሞች እርስ በርስ በሚነጋገሩበት መስመር፣ በዲ-ባስ በኩል ይሄዳል። ሁለት ፋይል ማኔጀር ከተጫኑ ሁለቱም ለዚያ ጥሪ መልስ ሰጪ ሆነው ይመዘገባሉ፤ ነባሪው ዶልፊን ሆኖ ሳለ ሌላው ብቅ የሚለው ለዚህ ነው። የማልጠቀምበትን ሳጠፋ ነገሩ ተስተካክሏል።

ያልወደድኩት የለም አልልም። ብዙ ቨርቹዋል ዴስክቶፕ ለሚጠቀም ሰው የአንድ መስኮት ደንቡ አይመችም፤ መስኮቱ በሌላ ዴስክቶፕ ላይ ከሆነ አዲሱ ታብ እዚያ ይጨመራል፣ ሥራዬን ትቼ መከተል ይኖርብኛል። አሁን ባለሁበት ዴስክቶፕ ላይ መስኮት ካለ ታብ፣ ከሌለ አዲስ መስኮት ቢል በጣም ደስ ይለኝ ነበር። ለእያንዳንዱ ፎልደር የየራሱን አታያይ እንዲያስታውስ ማድረግም ይቻላል፤ ፎቶው በትልቅ ምስል፣ ሰነዱ በዝርዝር ይታያል። ለፎቶ ሥራ ይህን እጅግ እወደዋለሁ፣ ነገር ግን ፍላሽ ላይ የተደበቀች ትንሽ ፋይል ሊተው ስለሚችል ለሌላ ሰው ከመስጠቴ በፊት አያታለሁ።

የዊንዶውስ ተጠቃሚዎች ይህን ሁሉ ማድረግ አይችሉም ማለቴ አይደለም። ኤክስፕሎረር እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ በዊንዶውስ 11 ላይ ታብ አለው፤ በፎልደር ኦፕሽንስ ውስጥም ፎልደር በዚያው መስኮት ወይም በየራሱ እንዲከፈት መምረጥ ከጥንት ጀምሮ አለ። ለአንድ ፕሮግራም ብቻ የሚጸና የመጠንና የቦታ ሕግ መጻፍ ግን ተጨማሪ ፕሮግራም ይጠይቃል፤ እኔን ፕላዝማ ላይ ያቆየኝም ይኸው ነው።

ሕጎቹ ወደ ፋይል ኤክስፖርት ይደረጋሉ፣ ሌላ ማሽን ላይም ኢምፖርት ይሆናሉ። ወደ ላፕቶፑ ሳስገባቸው መጠኑ የተጻፈው በፒክስል ስለሆነ 900 ቁመት ለ1366 በ768 ስክሪን አይበቃም፤ እዚያ ላይ መስኮቱ በሙሉ ስክሪን እንዲከፈት አድርጌ ለሁለት የተከፈለውን ማስጀመሪያ ብቻ እንደነበረ ትቼዋለሁ።