ለ«ቡት ስካን» 600 ብር ከመክፈላችሁ በፊት ይህን አንብቡ

ደሜ እንደፈላ ነው የምጽፈው። «ቫይረስ እናጸዳለን» ብሎ የጎረቤታችንን 600 ብር የበላው የኮምፒውተር ጥገና ቤት ነው፤ ስሙን አልጠራም፤ ዓይነቱን ግን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ሕንፃ ውስጥ ያለች ጠባብ ሱቅ፣ መስታወቱ ላይ «ፎርማት፣ ሶፍትዌር፣ ቫይረስ ማጽዳት፣ ዳታ ሪከቨሪ» የሚል ስቲከር፣ ጠረጴዛው ላይ ክዳናቸው የተፈታ ላፕቶፖች፣ ስልኩ ላይ ያቀረቀረ ልጅ። «ምን ሆኖ ነው?» ይላል ቀና ሳይል። ቫይረስ ስትሉት «አስቀምጡትና ማታ ኑ» ነው መልሱ። እኛ ግን አልሄድንም፤ ቆመን አየን። በዓይናችን ባናይማ ኖሮ አመስግነን እንወጣ ነበር።

ላፕቶፑ የጎረቤታችን ነው፣ የልጇ የመመረቂያ ጽሑፍ ያለበት። በሽታው ደግሞ ፎቶ ኮፒ ቤት ደርሶ የመጣ ፍላሽ ሁሉ ይዞት የሚመለሰው የሾርትከት ቫይረስ ነው። ፎልደሮቹ ይጠፉና በቦታቸው ትንሽ ቀስት ያለባቸው ሾርትከቶች ይደረደራሉ። ፋይሉ ግን አልተሰረዘም። ቫይረሱ እውነተኛውን ፎልደር የተደበቀና የሲስተም ፋይል አስመስሎ ሰውሮታል። ሾርትከቱን ስትጫኑ መጀመሪያ የራሱን ስክሪፕት፣ ማለትም የትዕዛዝ ፋይሉን፣ ያስነሳል፤ ቀጥሎ ፎልደሩን ይከፍትላችኋል፣ ምንም እንዳልተፈጠረ። ከዚያ በኋላ ዊንዶውስ በተነሳ ቁጥር አብሮ እየተነሳ የሚሰካውን ፍላሽ ሁሉ ይበክላል።

እንዲህ ያለውን ዊንዶውሱ እየሠራ ከውስጥ ማጽዳት አድካሚ ነው፤ እናንተ ስትሰርዙት እሱ መልሶ ይጽፈዋል። አንዳንዱ ቫይረስ ደግሞ ከዚህም ይብሳል፤ አንቲቫይረሱን ራሱን ሽባ ያደርገዋል፣ ወይም ፋይሉን ከዊንዶውስ ዓይን ይሰውራል። ሬስኪው ዲስክ የተፈለገው ለዚህ ነው። ኮምፒውተሩ ከሀርድ ዲስኩ ሳይሆን ከሲዲ ወይም ከፍላሽ፣ ብዙውን ጊዜ በሊኑክስ ይነሳል። ዊንዶውስ አልተነሳም ማለት ቫይረሱም አልተነሳም ማለት ነው። ዲስኩ ላይ የተኛ ተራ ፋይል ይሆናል፤ መደበቅም መከላከልም አይችልም። ቡት ስካን የሚባለው እንዲህ ከውጭ አስነስቶ መፈተሽ ነው፤ ስለዚህ ልጁ «ቡት ስካን እናደርግለታለን፣ 600 ብር» ሲል ሐሳቡ ልክ ነበር። ጎረቤታችን ቆጥራ ሰጠችው። የተበላነው ከዚያ በኋላ ነው።

ከመሳቢያው በማርከር የተጻፈበት የተቧጨረ ሲዲ አወጣ። ላፕቶፑን እንደማንኛውም ሰው «ሻት ዳውን» ብሎ ዘጋው፣ መልሶ አበራው፣ ኤፍ 9 ን እየደጋገመ ተጫነና ከሲዲው አስነሳው። የመጣው ካስፐርስኪ ሬስኪው ዲስክ 10 ነው። ሠሪው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2018 በሌላ የተካው፣ ማንም ሰው አዲሱን በነፃ የሚያወርደው ዲስክ! መስኮቱ ሲከፈት ዳታቤዙ፣ ማለትም የሚያውቃቸው ቫይረሶች ዝርዝር፣ ጊዜው እንዳለፈበት የሚናገር ቀይ ማስጠንቀቂያ ፊት ለፊት ተደቅኗል። ማዘመኛው እዚያው አጠገቡ ነው፤ የኢንተርኔት ገመዱም ጠረጴዛው ላይ ተጋድሟል። አልሰካውም። ከዝርዝሩ ውስጥ ምልክት ያለባቸው ሁለት ብቻ ናቸው፣ የዲስኩ ቡት ሴክተር (ኮምፒውተሩ ሲነሳ መጀመሪያ የሚያነበው ክፍል) እና ከዊንዶውስ ጋር የሚነሱት ነገሮች። ሲ ድራይቭ ምልክት የለበትም፣ ዲ ድራይቭም የለበትም። ምንም ሳይነካ ስካኑን አስጀመረውና ወደ ስልኩ ተመለሰ።

በጥቂት ደቂቃ አለቀ። የተገኘ ቫይረስ ዜሮ።

ስክሪኑን ወደ ጎረቤታችን አዞረና «ይኸው ማዘር፣ ቫይረስ የለም፣ ጸድቷል» አላት። ከሌለ ምኑ ነው የጸዳው? ዳታቤዙ እኮ አሮጌ ነው፣ ድራይቮቹንም አልመረጥካቸውም ብንለው፣ ጓደኛውን እያየ ሳቀ። «ባለሙያ ከሆናችሁ ለምን ቤታችሁ አትሠሩትም?» ጓደኛው የጆሮ ማዳመጫውን እንኳ ሳያወልቅ «ቀኑን ሙሉ እንዲህ የሚል አይጠፋም» ብሎ ጨመረበት። ጎረቤታችን ግራ ገብቷት «ልጄ፣ እስቲ የሚሉህን አድርግልኝ» ስትለው ደግሞ «ማዘር፣ ይሄ ቴክኒካል ነገር ነው፣ አይገባዎትም» አለ። የገባትማ 600 ብሯ እንደሄደ ነው። እዚያው ዊንዶውሱን አስነስተን የራሷን ፍላሽ ሰካነው፤ ሾርትከቶቹ ዓይናችን እያየ ተደረደሩ። ይኼኔ አላፈረም፤ «እንግዲያው ፎርማት ነው፣ ሌላ 500» አለ።

ይህ ለምን ሌብነት እንደሆነ ልናገር፣ «ቫይረሱ ከባድ ሆኖበት ነው» የሚል የዋህ አይጠፋምና። የስካነር ዓይኑ ዳታቤዙ ነው። ዳታቤዙ የዓመታት ዕድሜ ካለው ከዚያ ወዲህ የተሠራውን አብዛኛውን ቫይረስ አያውቀውም፤ አይቶት ያልፋል። በዚያ ላይ ድራይቮቹን ካልመረጠ ፋይሎቹን ጭራሽ አላየም። የቤት ላፕቶፕ ከነፎቶውና ከነፊልሙ በትክክል ሲፈተሽ፣ በተለይ የሚሽከረከር ሀርድ ዲስክ ከሆነ፣ ሰዓታት ይፈጃል። በጥቂት ደቂቃ ያለቀ «ሙሉ ስካን» የለም።

ሌላም አለ፤ ይህን ብዙ ጠጋኝ ያውቃል፣ ግን ለደንበኛ አይናገርም። ዊንዶውስ 10 እና 11 «ሻት ዳውን» ሲባሉ አብዛኛውን ጊዜ ሙሉ በሙሉ አይጠፉም። ፋስት ስታርትአፕ የሚባለው አሠራር ቶሎ ለመነሳት የሲስተሙን ከፊል ዲስኩ ላይ አስተኝቶ ይጠብቃል። ሬስኪው ዲስኩ ይህን ሲያይ ወይ ያስጠነቅቃል፣ ወይ ድራይቩን ለማንበብ ብቻ ይከፍተዋል፤ ቫይረሱን ቢያገኘው እንኳ ማጥፋት አይችልም። መፍትሔው ሺፍትን ተጭኖ ይዞ «ሻት ዳውን» ማለት ነው፤ ያኔ በእውነት ይዘጋል። ልጁ ሁሉንም ድራይቭ መርጦ ቢሆን እንኳ እዚህ ላይ ይሰናከል ነበር።

የ500 ብሩ ፎርማትስ? እነዚህ ቤቶች ፎርማት የሚያደርጉት ሲ ድራይቭን ነው። ዴስክቶፕና ዶክመንት ላይ ያለው ሁሉ፣ የልጅቷ መመረቂያ ጽሑፍ ጭምር፣ እዚያ ነው ያለው፤ ባክአፕ ካልተደረገ አብሮ ይሄዳል። ቫይረሱ ሊያርፍበት የሚችለው ዲ ድራይቭ ግን አይነካም፤ አዲሱ ዊንዶውስ ላይ አንድ ሾርትከት መንካት ብቻ ይበቃዋል፣ መልሶ ይነሳል። ከዚያ በላይ ደግሞ የሚጭኑት ዊንዶውስ ብዙውን ጊዜ በአክቲቬተር፣ ማለትም ያለ ፈቃድ በሚያሠራ ፕሮግራም፣ የተሰበረ ነው። አክቲቬተሩ እንዲሠራ ብለው የዊንዶውስን የራሱን አንቲቫይረስ፣ ዲፌንደርን፣ ያጠፉታል፣ ወይም ያ ፎልደር እንዳይፈተሽ ያዙታል። በሩን ከፍተው ነው የሚያስረክቧችሁ።

ላፕቶፑን ይዘን ወጣን። ብሩን መልስ ስንለው «የጉልበት ነው»፤ ደረሰኝ ስንለው «ሲስተም የለም»።

የግድ ሱቅ ከሄዳችሁ አጠገቡ ቁሙ፤ የዳታቤዙን ቀንና ምልክት የተደረገባቸውን ድራይቮች በዓይናችሁ ሳታዩ አትክፈሉ። አብዛኛውን ጊዜ ግን ሱቅም አያስፈልግም። ዊንዶውስ 10 እና 11 የራሳቸው አላቸው፤ ዊንዶውስ ሴኩሪቲ ውስጥ ከስካን አማራጮቹ ኦፍላይን ስካን የሚለውን ስትመርጡ ኮምፒውተሩ ሪስታርት አድርጎ ከዊንዶውሱ ውጭ ይፈትሻል፤ ፈጣን ፍተሻ እንጂ ሙሉ ስካን ስላልሆነ 15 ደቂቃ ገደማ ይበቃዋል። ከመጀመራችሁ በፊት ዲፌንደርን አፕዴት አድርጉት። እሱ ካልበቃ የካስፐርስኪን ወይም የዶክተር ዌብ የተባለውን አንቲቫይረስ አዲስ አይ.ኤስ.ኦ (የሬስኪው ዲስኩን ቅጂ የያዘ ፋይል) ከራሳቸው ድረ ገጽ፣ ባልተበከለ ኮምፒውተር አውርዱና ሩፈስ በሚባለው ፕሮግራም ፍላሽ ላይ ጻፉት። 4 ጊጋ ፍላሽ ይበቃል፤ ፍላሹ ላይ የነበረው ሁሉ ግን ይጠፋል። ኤችፒ በኤፍ 9፣ ዴልና ሌኖቮ አብዛኛውን ጊዜ በኤፍ 12 የቡት ሜኑ (ከምን እንደሚነሳ የሚመረጥበትን ዝርዝር) ያወጣሉ። ማዘመኛ ካለው ኢንተርኔት አገናኝታችሁ ዳታቤዙን አድሱ፣ ሁሉንም ድራይቭ ምረጡ። የተገኘውን ወዲያው ከመሰረዝ ወደ ኳራንቲን (ተለይቶ ወደሚታገድበት ቦታ) ላኩት፤ ደህናው ፋይል በስህተት የሚያዝበት ጊዜ አለ።

አዲስ ላፕቶፕ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። ድራይቭን በቁልፍ የሚያመሰጥረው የዊንዶውስ ቢትሎከር በርቶ ከሆነ ሬስኪው ዲስኩ ድራይቩን ተቆልፎ ነው የሚያገኘው፣ ውስጡን አያይም። ፍላሹ አልነሳ ብሎ ሴኪዩር ቡትን (ያልታወቀ ሲስተም እንዳይነሳ የሚከለክለውን ቅንብር) ብታጠፉት ደግሞ ዊንዶውሱ ሲመለስ ባለ 48 አሃዝ ቁልፍ ሊጠይቃችሁ ይችላል። ቁልፉን አስቀድማችሁ ከማይክሮሶፍት አካውንታችሁ ላይ ገልብጡ፤ ከጠፋ የሚያወጣላችሁ ጠጋኝ የለም፣ «እናወጣለን» ብሎ የሚቀበላችሁ ግን ሞልቷል።

ቫይረሱ ከጠፋ በኋላም ፎልደሮቹ እንደተደበቁ ይቆያሉ፤ አትደንግጡ፣ «ዳታ ሪከቨሪ» ተብሎም አትክፈሉበት። ኮማንድ ፕሮምፕት ላይ አትሪብ (attrib) በሚባለው ትዕዛዝ የተደበቀና የሲስተም የሚለውን ምልክት ስታነሱላቸው ይመለሳሉ፤ ሾርትከቶቹን ከዚያ በኋላ ሰርዟቸው። ቤት ውስጥ ያለ ፍላሽና ሜሞሪ ካርድ በሙሉ ደግሞ ሳይከፈት በሬስኪው ዲስኩ በተነሳው ኮምፒውተር ላይ እየተሰካ ይፈተሽ፣ የልጆቹ የፊልም ፍላሽ ጭምር።