ጭንቀት ይለካል የተባለልኝ ሰዓት

ታይዋን ገበያ ገብቶ ባዶ እጁን የሚወጣ የድሬዳዋ ሰው ካለ አሳዩኝ። እኔ የስልክ ከቨር ልገዛ ገብቼ ስማርት ዋች አስሬ ወጣሁ። ልጁ 2,800 ብር ጠራብኝ፣ ተከራክረን በ2,200 ተስማማን። «አቦ፣ ይሄ እኮ ልብ ይለካል፣ እንቅልፍ ይለካል፣ ግፊት ይለካል፣ ስትረስም ይለካል» አለኝ። የመጨረሻዋ ናት የያዘችኝ። ሥራዬ ትራንዚተርነት ነው፤ የአስመጪዎችን ዕቃ ከጉምሩክ አስለቅቃለሁ። ኮንቴነሩ ጅቡቲ ተቀምጦ ዲመሬጅ (የመዘግየት ክፍያ) ሲቆጥር፣ አስመጪው በየሰዓቱ ሲደውል፣ አንዲት ወረቀት ስትጎድል መዋል ምን እንደሚመስል የሠራበት ያውቀዋል።

ከገዛሁት ቆይቷል፤ አሁን ልፍረድበት። ስክሪኑ የድሬ ፀሐይ ላይ አይታይም፣ በእጅ ጋርዶ ማየት ነው። የጎማ ማሰሪያው ላብ ሲነካው ያሳክካል፤ በጨርቅ አስቀየርኩት። ባትሪው ግን ጎበዝ ነው፣ ከጁምዓ እስከ ጁምዓ ይዘልቃል።

አሠራሩ ቀላል ነው። ከጀርባው አረንጓዴ መብራት አለ። ደም አረንጓዴ ብርሃን ይመጥጣል። ልብ በመታች ቁጥር ከቆዳ ሥር የሚያልፈው ደም ስለሚጨምር ተመልሶ የሚመጣው ብርሃን ይቀንሳል፤ ሰዓቱ ያንን ይቆጥራል። ስትረስ የሚለውን ቁጥር የሚያወጣው ደግሞ በምቶቹ መካከል ካለው ክፍተት ነው። ጤነኛ ልብ እኩል እኩል አይመታም። ዘና ስንል ክፍተቱ አንዴ ረዘም፣ አንዴ አጠር ይላል። ስንጨነቅ እንደ ሰልፈኛ ወታደር እርምጃ እኩል ይሆናል።

አንድ ደንበኛ አለኝ፤ ስሙ ስልኬ ላይ ብቅ ሲል፣ ገና ሳላነሳው፣ 74 የነበረው ምቴ 98 ይገባል። ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ ነው እንግዲህ! ከኩላሊት በላይ ያሉት እጢዎች አድሬናሊን ይረጫሉ፤ ልብ ይፈጥናል፣ ግፊት ይጨምራል፣ ጉበት ስኳር ወደ ደም ይለቃል፣ ሆድ ሥራውን ያቀዘቅዛል። ከጅብ ለሚያመልጥ ሰው ደህና ዝግጅት ነው። ከዲመሬጅ ግን ወዴት ይሮጣል?

ችግሩ፣ ሰዓቱ ልብ ለምን እንደፈጠነች አያውቅም። ዙህር ሰግጄ፣ የጫት ባርጫ ላይ ጎኔን አሳርፌ፣ ምርቃናው ይዞኝ የዓለምን ችግር ስፈታ ቀይ አብርቶ «በረጅሙ ተንፍስ» ይለኛል። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የልብ ምትንም ግፊትንም ከፍ ያደርጋል፤ ለሱ ጭንቀትና ምርቃና ያው ናቸው። (ባለቤቴ ይህን ስታነብ «ሰዓቱ ካንተ ይሻላል» ማለቷ አይቀርም።) ደረጃ ስወጣም፣ ሁለተኛ ቡና ስደግምም እንደዚያው። ስለዚህ የቀን ስትረሱን ቁጥር ከቁም ነገር አልቆጥረውም።

ገንዘቤን ያወጣልኝ በእንቅልፍ ነው። ከሌሊቱ 6 ሰዓት እተኛለሁ፣ ንጋት 12 ላይ እነሳለሁ፤ ሲጠይቁኝም «ደህና ነው የምተኛው» እላለሁ። ግራፉ ላይ ግን 9 ሰዓት አካባቢ ቀዳዳ አለ። ዕቃ በተያዘባቸው ሳምንታት ቀዳዳው ይሰፋል። ተኝቼም ቢሆን ምቴ ከ71 አይወርድም፤ በደህናው ጊዜ 62 ነው። ኮርቲሶል የሚባለው ሆርሞን ማታ ዝቅ ብሎ፣ ወደ ንጋት ነው ከፍ ማለት ያለበት። ሐሳብ ይዞት የሚተኛ ሰው ግን ገላው ዘብ እንደቆመ ያድራል። በማግስቱ ትከሻዬ ይደርቃል፣ ሁሌ በቃሌ የምይዘው የኮንቴነር ቁጥር ይጠፋኛል፣ ምንም ባላጠፉ ልጆች ላይ እጮሃለሁ። ሙቀቱም ድርሻ አለው፤ መብራት ሄዶ ቬንትሌተሩ ሲቆም ማን ይተኛል? ሆኖም ከዒሻ በኋላ የሥራ ስልክ ማንሳት ትቼ፣ ባርጫውንም ለጁምዓ ብቻ ካደረግኩ ወዲህ ቀዳዳው ጠቧል። አልጠፋም፣ ጠቧል።

ግፊት ይለካል የሚሉትን ግን አትስሙ። ሰዓቱ ሁሌ 118 በ76 ሲለኝ ጠረጠርኩና ሙዝ ላይ አሰርኩት። ሙዙ 117 በ75 ሆነ! ፋርማሲ ሄድኩ። ልጅቷ 5 ደቂቃ አስቀመጠችኝ፣ ጀርባዬን አስደገፈችኝ፣ ክንዴን ከልቤ ትይዩ ጠረጴዛ ላይ አሳርፋ በክንድ ማሽን ለካችኝ፤ 148 በ94። «ከ140 በ90 ጀምሮ ከፍ ያለ ነው የሚባለው፤ ግን በአንድ ልኬት አይፈረድም፣ በሌላም ቀን ተለክተህ ሐኪም አሳይ» አለችኝ። አሁን ክትትል ላይ ነኝ። ግፊት ያለበት ሰው ይህን ሰዓት አምኖ መድኃኒቱን ቢያቋርጥ ምን እንደሚሆን አስቡት።

ለእንቅልፍ ከሆነ ግዙ፣ ለግፊት ከሆነ በዚያው ብር ላይ ጨምራችሁ የክንድ መለኪያ ግዙ። ልጁ 2,800 ሲላችሁ ከ1,500 ጀምሩ። የጨርቅ ማሰሪያውን ምራቂ አስጨምሩት፣ ለብቻው ሲገዛ ያስከፍላል።