ጄምስን ፍለጋ ደብሊንና ኬሪ፦ የከፈልንበትና በነፃ ያገኘነው

ደብሊን ያደግኩባት ከተማ ናት። እናቴ አሁንም እዚያው ነች፣ እኔ ቦስተን ከገባሁ 14 ዓመት ሆነኝ። ዘንድሮ ለሦስት ሳምንት ስንመለስ ግን ከእናቴ ናፍቆት ሌላ ጉዳይ ይዘን ነበር። የባለቤቴ ቤተሰቦች አይሪሽ አሜሪካውያን ናቸው። አማቴ 81 ዓመታቸው ነው። የአባታቸው አባት ጄምስ ሱሊቫን ከኬሪ አውራጃ እንደመጣ ያውቃሉ፣ ከየትኛው መንደር እንደሆነና ወላጆቹ እነማን እንደነበሩ ግን የሚያውቅ የለም። እናቴ ይህን ስትሰማ ደነገጠች። «ሰባት ቤት ሳይቆጥሩ እንዴት ነው የሚጋቡት?» አለች። እንግዲህ የተጠቀምንባቸውን አገልግሎቶች እንዳየኋቸው ልንገራችሁ፣ እንደኔ ልጆቻችሁ በአባት ወይም በእናት አይሪሽ ከሆኑ ይጠቅማችኋል። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ከመጥፎው ልጀምር። ከመሄዳችን በፊት ኦንላይን ላገኘነው አንድ ድርጅት 400 ዩሮ ከፍለን ጄምስን ፈልጉልን አልን። ከሁለት ወር በኋላ በሚያምር ወረቀት የታተመ ሪፖርት መጣ። በ1864 የተወለደ ጄምስ ሱሊቫን አገኘን ይላል። አማቴ አለቀሱ፣ ወረቀቱን ፍሬም አስገብተው ሳሎን ሰቀሉት። እኔ ከጄምስ የሞት መዝገብ ጋር ሳስተያየው ግን አልገጠመም። የማሳቹሴትስ የሞት መዝገብ የሟቹን አባትና እናት ይጽፋል፤ የእኛው ጄምስ የዳንኤል እና የሃና ሺ («ሺ» የቤተሰብ ስሟ ነው) ልጅ ነው፣ የእነሱ ጄምስ ደግሞ የጆን ልጅ። ለምን እሱን እንደመረጡ በኋላ ነው የገባኝ። በአየርላንድ መንግሥት የሁሉንም ሰው ልደት መመዝገብ የጀመረው በ1864 ነው፣ የጄምስ የመቃብር ድንጋይ በ1863 ተወለደ ስለሚል መዝገቡ ሲከፈት መጀመሪያ ያገኙትን ጄምስ አንስተው ሰጡን። ኬሪ ውስጥ ደግሞ ሱሊቫን እንደ አሸዋ ነው። ብራችንን መልሱ ብንል መልስ የለም። ብሩስ ይቅር፣ ለአንድ ሽማግሌ የሌላ ሰው አያት መስጠት ግን በጣም ነው ያሳዘነኝ።

ከዚያ በኋላ ራሴ ገባሁበት። አንድ ነገር ልለምናችሁ፦ የአውሮፕላን ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት የመንደሩን ስም አሜሪካ ውስጥ ፈልጉ። አየርላንድ ከ60,000 በላይ «ታውንላንድ» የሚባሉ ትናንሽ የመሬት ክፍሎች አሏት፣ እኛ ጎጥ እንደምንለው ማለት ነው። ጎጡን ሳያውቁ መሄድ ዝም ብሎ መንከራተት ነው። እኛን ያዳነችን የጄምስ እህት ናት። «ዘ ፓይለት» የሚባለው የቦስተን ጋዜጣ ከ1831 እስከ 1921 ድረስ የጠፉ ዘመዶችን የሚያፈላልጉ ማስታወቂያዎች ያወጣ ነበር፣ ዛሬ ኦንላይን ይገኛሉ። እህትየው ወንድሟን ስትፈልግ አንድ ማስታወቂያ አውጥታለች። ኬሪ፣ አናስኮል የሚባል መንደር፣ ከዚያም የጎጡ ስም፣ ሁሉም በሦስት መስመር። ራሱ ጄምስ በየወረቀቱ «አየርላንድ» ብቻ እያለ ነው ያለፈው።

ደብሊን ስንደርስ መጀመሪያ የሄድነው ኪልዴር ጎዳና ላይ ያለው ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ነው። የዘር ሐረግ ለሚፈልግ ሰው በነፃ ያማክራሉ። ከጉዞው ሁሉ አንደኛ የምለው ይህንን ነው። ያማከረችን ሴትዮ ወረቀታችንን አየችና ስለ ጄምስ ሳይሆን ስለ እናቱ ጠየቀችን። ሃና፣ ኖራ፣ ሆኖራ አንድ ስም ናቸው አለችን። የመቃብር ድንጋይ ላይ ያለን ዓመት አትመኑ፣ ወደኋላም ወደፊትም አስፍታችሁ ፈልጉ አለችን። የካቶሊክ መዝገብ ደግሞ ብዙ ጊዜ በላቲን ነው፣ ጄምስ «ያኮቡስ» ተብሎ ነው የሚጻፈው። እኔ ወዲያው ያዕቆብ አልኩ! በእኛ መጽሐፍ ቅዱስም ጄምስ ያዕቆብ አይደል? ባለቤቴ የቅድመ አያቱን የክርስትና ስም ከእኔ አፍ ነው የሰማው ማለት ይቻላል።

የኬሪ የቤተክርስቲያን መዝገቦች በመንግሥት ድረ ገጽ ላይ በነፃ ይገኛሉ። ማታ እናቴ ሳሎን ቁጭ ብለን 1864ን ትተን ወደኋላ ሄድን። 1859 ላይ ቆምን። ቀለሙ ቡናማ ሆኗል፣ የቄሱ ጽሑፍ የተቸኮለ ነው፣ ግን ይነበባል። ያኮቡስ፣ አባት ዳንኤል ሱሊቫን፣ እናት ሆኖራ ሺ፣ ከጎኑ ያው የጎጡ ስም። የክርስትና አባቱና እናቱም ተጽፈዋል፣ አንደኛዋ ሺ ናት፣ የእናትየው ወገን ሳትሆን አትቀርም። እናቴ ምንም ሳይገባት እልል አለች።

ይህ መዝገብ መትረፉ ቀላል ነገር አይደለም። በ1922 በእርስ በርስ ጦርነቱ ደብሊን ውስጥ ፎር ኮርትስ በሚባለው የፍርድ ቤት ግቢ የነበረው የመንግሥት ቤተ መዛግብት ተቃጥሎ የብዙ መቶ ዓመት ወረቀት ጠፍቷል፣ የ19ኛው ክፍለ ዘመን የሕዝብ ቆጠራም አብዛኛው ወይ እዚያ ነው የነደደው ወይ ከዚያ በፊት ራሱ መንግሥት አስወግዶታል። የካቶሊኮቹ መዝገብ የተረፈው በየአጥቢያው ስለነበረ ነው።

ሙሉ ሆነው የተረፉት የመጀመሪያዎቹ ቆጠራዎች የ1901 እና የ1911 ናቸው፣ ብሔራዊ ቤተ መዛግብቱ ሁለቱንም በነፃ አውጥቷቸዋል። ለእኔ ከመዝገቦቹ ሁሉ የበለጡት እነዚህ ናቸው። ሆኖራ በ1901 መበለት ሆና ከአንድ ልጇ ጋር ትኖራለች። ማንበብ አትችልም፣ አይሪሽና እንግሊዝኛ ትናገራለች። የቤቱ መስኮት ስንት እንደሆነና ጣሪያው በምን እንደተሠራ ሳይቀር ተቆጥሯል። ዕድሜዋ 64 ይላል። በ1911 ስንከፍተው 80 ሆናለች! በአሥር ዓመት 16 ዓመት ያረጀችው በ1909 ዕድሜያቸው 70 ለሞላ ሰዎች ጡረታ ስለተጀመረ ሳይሆን አይቀርም፣ ብዙ ሰው ያኔ ነው ዕድሜውን ማስላት ወይም ከፍ ማድረግ የጀመረው። የ1911ዱ ቅጽ ባለትዳር ሴቶችን ስንት ልጅ እንደወለዱና ስንቱ በሕይወት እንዳለ ይጠይቃል። ሆኖራ ባሏ ሞቷል፣ ስለዚህ አይመለከታትም ተብሎ መልሱ ላይ መስመር ተሰምሮበታል። ግን ከስር ይነበባል። 9 ወልዳለች፣ 4 አሉ። ከአራቱ አንዱ ቦስተን ያለው ጄምስ ነው። እዚህ ላይ እኔም አለቀስኩ።

ዌርበርግ ጎዳና ያለው የልደትና የሞት መዝገብ ቢሮ መሄድ አላስፈለገንም፣ የድሮዎቹ ልደቶች ምስላቸው ኦንላይን በነፃ ይታያል። ምስሉ ብቻ የሚበቃችሁ ከሆነ ጊዜያችሁን አታጥፉ።

ወደ ኬሪ ከደብሊን ሂውስተን ጣቢያ በባቡር ትራሊ ድረስ አራት ሰዓት ያህል ነው፣ ከዚያ የዲንግሉ አውቶቡስ አናስኮል ያወርዳችኋል። ምሳ የበላነው «ሳውዝ ፖል ኢን» ነው፣ አንታርክቲካ ሦስት ጊዜ የዘመተው የአናስኮሉ ልጅ ቶም ክሪን ጡረታ ወጥቶ የከፈተው መጠጥ ቤት። ምግቡ ደህና ነው፣ ሰዎቹ ግን ይበልጣሉ። የጎጡን ስም ስንጠራ አንድ አዛውንት አጠራራችንን አርመው መንገዱን በእጃቸው ሳሉልን።

የግሪፊዝ የመሬት ግምት የሚባለው መዝገብ (ከ1847 እስከ 1864 የወጣ ነው፣ የትኛውን መሬት ማን እንደያዘ ይጽፋል) ካርታ አለው፣ እሱም ነፃ ነው። ስልካችን ላይ ከፍተን የመሬቱን ቁጥር እየተከተልን ሄድን። ከቤቱ የቀረው ጉልበት የሚደርስ የድንጋይ ግድግዳ ነው፣ ውስጡ እሾህ በቅሎበታል። ለአማቴ በቪዲዮ ደወልንላቸው። ተራራውን ላሳያቸው ስል «ተራራውን ተዪው ልጄ፣ ድንጋዩን አሳዪኝ» አሉኝ። የድርጅቱን ወረቀት ከፍሬሙ አውጥተውታል፣ አሁን የያኮቡስን መስመር አሳትመን እንሰጣቸዋለን።

በግምት መዝገቡ ላይ የመሬቱ ተከራይ ዳንኤል አይደለም፣ ማይክል ሱሊቫን ነው። ድሮ አይሪሾች የመጀመሪያ ወንድ ልጃቸውን ብዙ ጊዜ በአባትየው አባት ስም ይጠሩ ነበር፣ የዳንኤልና የሆኖራ የመጀመሪያ ልጅ ደግሞ ማይክል ነው። ስለዚህ ይሄ ማይክል የዳንኤል አባት ሳይሆን አይቀርም፣ ግን ገና ማረጋገጫ የለንም። በሚቀጥለው በጋ የምንፈልገው እሱን ነው።