ለልጄ የገዛሁት የብረት ሠራተኛ የጆሮ መከላከያ፦ ከስምንት ወር በኋላ

ዕቃው ቀላል ነው። ብረት የሚቆርጡ ሠራተኞች ጆሯቸው ላይ የሚያደርጉት፣ ሁለቱንም ጆሮ ድፍን አድርጎ የሚሸፍነው ዓይነት። መርካቶ፣ ሄልሜትና የሥራ ጓንት ከሚሸጡት ሱቆች ነው ያገኘሁት። ዋጋው ከአንድ የልጅ ጫማ ያንሳል። የገዛሁት ለስምንት ዓመት ልጄ ነው። ኦቲዝም አለበት፣ በአፉ አይናገርም፣ አምና ደግሞ ቤታችን ውስጥ ያልተነከሰና ያልተቧጨረ ሰው አልነበረም።

ከዕቃው በፊት የነበረውን ልንገራችሁ፣ ያለዚያ የምለው አይገባችሁም። የእህቱን ፀጉር ይዞ አይለቅም ነበር። እኔን ክንዴ ላይ ይነክሰኛል። ሲብስበት የራሱን እጅ ይነክሳል፣ ጭንቅላቱን ከግድግዳ ጋር ያጋጫል። ዘመድ "አሞላቀሽው ነው፣ ቆንጠጥ አድርጊው" ይለኛል። እኔም ሰምቼ መትቼው አውቃለሁ። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ደግሞም ባሰበት እንጂ አልተሻለውም።

መንገዱን ያሳየችኝ እንደኔው እናት የሆነች ወዳጄ ናት። የዓለም ጤና ድርጅት እንዲህ ዓይነት ልጆች ላሏቸው ቤተሰቦች ያዘጋጀው ሥልጠና አለ፣ 9 የቡድን ትምህርትና 3 የቤት ጉብኝት ያለው፣ እኛም አገር ተሞክሯል። እሷ እዚያ ተምራለች። "እህቴ፣ ደብተር ያዢ" አለችኝ። ከመምታቱ በፊት ምን ነበር? ምን አደረገ? ከዚያ በኋላስ ምን አገኘ? ይህችን ብቻ ሦስት ሳምንት ጻፍኩ። ከግማሽ በላይ የሚሆነው ጸብ የተነሳው ከድምፅ በኋላ ሆኖ አገኘሁት። መብራት ሲጠፋ የጎረቤት ሱቅ ጀነሬተር፣ ጁስ መፍጫው፣ ታክሲ ውስጥ የረዳቱ ጩኸት፣ ከሁሉም በላይ ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ዝናብ። እህቱን የሚመታት ጠልቷት አልነበረም፣ በዚያ ሰዓት አጠገቡ ያለችው እሷ ስለሆነች ነው። ይህን ሳነብ ደብተሩ ላይ አለቀስኩ።

ወደ ዕቃው ልመለስ። ገዝቼ በመጣሁ ቀን ጭንቅላቱ ላይ አላደረግኩለትም። ሶፋ ላይ ተውኩት። እኔ አደረግኩት፣ እህቱም አደረገች። ከዚያ ሩዝ ውስጥ እጁን ከቶ ሲጫወት፣ ደስ ባለው ሰዓት ማለት ነው፣ ለአምስት ሰከንድ፣ በነጋታው ለአሥር። ዘጠኝ ቀን ፈጀ። አትቸኩሉ። አንዴ በንዴቱ መሀል ላጠልቅለት ሞክሬ ወርውሮ ሰብሮታል፣ አሁን ያለን ሁለተኛው ነው። በዚያ ሰዓት የሚሠራው ሌላ ነገር ነው፦ እህቱን ማራቅ፣ ጠንካራ ዕቃ ከአጠገቡ ማንሳት፣ ወሬ መቀነስ፣ ዝም ብሎ አጠገቡ መሆን።

ሐምሌ ላይ አንድ ማታ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበው ጀመር። እጁ ወደ አፉ ሲሄድ አየሁና ተነሳሁ። እሱ ግን ቀድሞኝ ሄደ፣ መከላከያውን ከተሰቀለበት ሚስማር አወረደ፣ አደረገውና እህቱ አጠገብ ተቀመጠ። አልነካትም። እኔ በቆምኩበት ቀረሁ።

እንከኑንም ልናገር። የተሠራው ለአዋቂ ስለሆነ ለልጅ ጭንቅላት ይሰፋል፣ ከላይ ጨርቅ አጣጥፌ ሰፋሁበት። ጆሮው ዙሪያ ያልበዋል። ስፖንጁ በአራተኛው ወር ተሰነጠቀ፣ መለወጫ ደግሞ ሱቁ የለውም። ስትገዙ ምን ያህል ድምፅ እንደሚቀንስ ካርቶኑ ላይ በዴሲቤል (የድምፅ መለኪያ ነው) የተጻፈውን ቁጥር እዩ፣ የኛው 27 ይላል። ድምፅን ያለዝባል እንጂ አያጠፋም፣ ቀረብ ብዬ ስጠራው ይሰማኛል። ቀኑን ሙሉ ግን አታድርጉለት። ጆሮ ጸጥታ ከለመደ ትንሹም ድምፅ ይከብደዋል፣ ስለዚህ ጩኸቱ ሲያልፍ እናወልቃለን።

የማይፈታውም ብዙ ነው። ብስኩት ስንከለክለው ለሚመጣው ቁጣ ምንም አያደርግም። ለዚያ የረዳን "በቃ" እና "ስጪኝ" የሚሉ ሁለት የሥዕል ካርዶች ናቸው፣ ካርዱን ባሳየ ቁጥር ቶሎ እንመልስለታለን። ጥቅምት ላይ ደግሞ ቤቱ ጸጥ ባለበት መንከስ ጀመረ። አምስት ቀን ግራ ገባኝ። ለካ ጥርሱ ተቦርቡሮ ኖሯል። መናገር የማይችል ልጅ ድንገት ጠባዩ ሲለወጥ መጀመሪያ ጥርሱን፣ ጆሮውንና የሆድ ድርቀቱን አሳዩ፣ እባካችሁ።

መድኃኒትስ ብላችሁ ለምትጠይቁኝ፦ አለ። አሜሪካ ውስጥ ሪስፔሪዶን በፈረንጆቹ 2006፣ አሪፒፕራዞል በ2009 ኦቲዝም ባለባቸው ልጆች ላይ ለሚታይ ብርቱ ንዴት ተፈቅደዋል። ኦቲዝሙን አያድኑም። ክብደት ይጨምራሉ፣ እንቅልፍም ያመጣሉ፣ ስለዚህ የሚከታተል ሐኪም ይፈልጋሉ። እኛ እስካሁን አልጀመርንም፣ የጀመረች እናት ላይ ግን አንዲት ቃል አልናገርም።

ከአምስት አራት እሰጠዋለሁ። አንዱን የቀነስኩት ለስፖንጁና ለልኩ ነው። በልጅ ልክ የተሠራውን አዲስ አበባ ውስጥ ያገኛችሁ ካላችሁ ሰፈሩን ጻፉልኝ፣ ክረምቱ ሳይገባ መለወጥ እፈልጋለሁ።