ወደ ውጭ ለመዛወር የከፈልኩበት የማማከር አገልግሎት፦ ቪዛው ላይ ጎበዝ፣ የቀረው ላይ ደካማ

በራሴ ገንዘብ ኦንላይን አክሲዮን የምነግድ ሰው ነኝ። ቀጣሪ የለኝም፣ የደመወዝ ማስረጃም የለኝም። ሌላ አገር ሄጄ ለመኖር ስወስን አንድ የኦንላይን አማካሪ ድርጅት ያዝኩ።

ቪዛው ላይ ጎበዞች ናቸው። ኢስቶኒያ እ.ኤ.አ. በ2020 የዲጂታል ኖማድ ቪዛ (በኦንላይን እየሠራ ሌላ አገር ለሚኖር ሰው የሚሰጥ ቪዛ) ከጀመረች ወዲህ ተመሳሳይ ቪዛ የሚሰጡ አገሮች በዝተዋል፤ ብዙዎቹ ግን በቂ የወር ገቢ አሳይ ይላሉ። የእኔ ገቢ ደግሞ አንድ ወር ጥሩ ነው፣ በሚቀጥለው ኪሳራ። አማካሪዋ የ12 ወር የሂሳብ መግለጫዬን መስመር በመስመር አይታ፣ ትርፉን ካስገባሁት ገንዘብ ለይታ አማካዩን አወጣችልኝ። ለዚህ ከልቤ አመሰግናታለሁ።

ስለ ብሮከር፣ ማለትም አክሲዮን ስለምገዛበትና ስለምሸጥበት ድርጅት፣ ግን ትንፍሽ ያለ የለም። አድራሻዬን ስቀይር ብሮከሬ በአዲሱ አገር የሚኖር ደንበኛ እንደማይቀበል ነገረኝና ክፍት የነበሩ ግብይቶቼን ያለጊዜያቸው ዘግቼ ወጣሁ። በጣም ነው ያናደደኝ፤ ለትሬደር እኮ የመጀመሪያው ጥያቄ ይህ ነው!

ግብሩንም “እዚያ አገር ግብር እንዳትከፍል በዓመት 183 ቀን አትሙላ” ብለው አለፉት። በብዙ አገር ይሠራል፤ ግን ቋሚ ቤትህና ቤተሰብህ የት እንዳለ የሚያዩም አሉ፣ አሜሪካ ደግሞ ዜጋዋን የትም ቢኖር ግብር ትጠይቃለች።

ቪዛ ብቻ ከሆነ የምትፈልጉት፣ ያዟቸው። ትሬደር ከሆናችሁ ግን ከመክፈላችሁ በፊት ለብሮከራችሁ ጻፉ፣ መልሱንም በጽሑፍ ያዙ። የምትነግዱበት ገበያ እዚያ በስንት ሰዓት እንደሚከፈትም እዩ፤ እኔ አሁን ሌሊት ነው የምሠራው።